ጣሪያው የሚከፈት መኪና

ያቤሎ ውስጥ ጣሪያው የሚከፈት የቤት መኪና የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለጉራ አይደለም የምናገረው። ሌላው ሰው ያልገዛው ምክንያት ስለነበረው ነው።

መኪናውን ያገኘሁት ሐዋሳ፣ ከአንድ ደላላ ነው። ነጌሌ ተወልጄ፣ እዚያው ገበያ ደርግ በወደቀ ሰሞን ከሞያሌ የሚመጣ ልባሽ ጨርቅ ትከሻዬ ላይ ጭኜ እያዞርኩ ነው ንግድ የተማርኩት። ደላላ ሲዋሽ አፉን ከመክፈቱ በፊት ይገባኛል። ያም ሆኖ ገዛሁ። ሰውየው ከአናቱ በላይ ያለችውን ቁልፍ ሲነካ የጣሪያው መስታወት ድምፅ ሳያሰማ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። "ሰማይ እያየህ ትነዳለህ" አለኝ። እኛ አገር ሰማይ የጠፋበት ሰው የለም፤ ቀኑን ሙሉ የምንሸሸው ከእሱ ነው። ይህን እያወቅሁ ቁልፏን እኔም አንድ ጊዜ ነካኋት። ከዚያ በኋላ በዋጋ መከራከር አልቻልኩም።

ያቤሎ ባደረስኩት ሰሞን መስታወቱን ከፍቼ በኮረኮንቹ ወደ ገጠር ነዳሁ። ስመለስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ጡብ ስትጭን ነው የዋልከው?" አለች። ፀጉሬ ቀይ፣ ቅንድቤ ቀይ፣ መቀመጫው ቀይ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስታወቱን ዘጋሁት። አፈሩ ግን የሚገባበት ቦታ ገብቶ ነበር። መስታወቱን ዙሪያውን የሚከብ ቀጭን ቦይ እንዳለ ያኔ አላውቅም፤ ደላላውም ስለ ሰማይ እንጂ ስለ ቦይ አልነገረኝም።

ዓመቱ ድርቅ ነበር። መኪናው ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ፍጹም ጤነኛ ነበር።

ጋና የምንለው የበልጉ ዝናብ በቀጣዩ ዓመት ሲመጣ ከሰዓት በኋላ ነበር የጀመረው። ከተማው በሙሉ ሥራ አቁሞ በየበረንዳው ቆመ። ሰው ከብቱ አልቆበት፣ የተረፈውም ቆዳና አጥንት ሆኖበት ከርሞ ነበር። ካባራ በኋላ የመኪናዬን በር ብከፍት ወለሉ ላይ ያለው ሞኬት እግሬን ዋጠው። የጣሪያው ጨርቅ እንደ ላም ጡት ተወጥሯል።

ችግሩ ይህን ለሰው መናገር አለመቻሌ ነው። ቦረና ውስጥ ዝናብ አበላሸብኝ የሚል ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። በሱቄ አጠገብ ቅቤ ለምትሸጠው ሴትዮ ዝናቡ መኪናዬ ውስጥ ገባ ብላት ሁለት እጇን ዘርግታ እንኳን ደስ ያለህ አለችኝ። አሜን አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ባለቤቴ ሞኬቱን አውጥታ አጥር ላይ ሰጣችው፤ ዓሣ ልናረባ ከሆነ አስቀድሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ።

ነገሩ በዚህ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር፣ የታናሽ ወንድሜ ጉዳይ ባይኖር።

ወንድሜ ያቤሎ አስተማሪ ነው። ቡሌ ሆራ ሲማር አንዲት ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። አባቷ ቡና ነጋዴ ናቸው፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው። በደንቡ መሠረት ሽማግሌ ላክን። መለሱን። ምክንያታቸው ዘር አልነበረም፣ ሃይማኖትም አልነበረም፣ የአስተማሪ ደመወዝም አልነበረም። ልጄን ውሃ ወደሌለበት አገር አልሰጥም ነው ያሉት፤ ጀሪካን ይዛ ወረፋ ስትቆም ልትኖር አልተማረችም። ሽማግሌዎቹ ይህን ሰምተው ምን እንደሚመልሱ ጠፋቸው፤ የዚያን ቀን ጠዋት ከቤታቸው የወጡት ፊታቸውን በአንድ ኩባያ ውሃ ታጥበው ነበርና።

አንድ ጊዜ መመለስ ያለ ነገር ነው፤ ክብር ያለው አባት ለመጀመሪያው እሺ አይልም። ሁለተኛው ግን የመጨረሻ ነው። በዚያ ላይ ከዲላ በኩል ሌላ ጠያቂ እንዳለ ሰማን። ወንድሜ እህል አስጠላው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተሳሳተ ነገር እየጻፈ ተማሪዎቹ እንደሚያርሙት ከተማው ሁሉ አወቀ።

ስለዚህ ዱብሉቅ ድረስ ሄጄ የሟች አባቴን ወዳጅ ለሁለተኛው ሽምግልና እንዲሄዱልን ለመንኩ። እኚህ ሽማግሌ በዱብሉቅ ኤላዎች፣ ማለትም ከብት በሚጠጣባቸው በእነዚያ ጥልቅ ጉድጓዶች፣ የውሃ ተራ ሲያዝዙ የኖሩ ናቸው። የማን ከብት ዛሬ፣ የማን ነገ፣ ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ፤ እሳቸው ከተናገሩ አይመለስም። እሺ አሉኝ። ሌሎቹ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎረቤቶቼ ናቸው፤ አንዱ ጡረታ የወጣ ፖሊስ፣ አንዱ እንደ እኔ ነጋዴ። የእኔ ድርሻ መኪናው ነበር። በአውቶቡስ ሄደን ውሃ የሌለው አገር ሰዎች ብቻ ሳንሆን መኪና የሌለንም እንዳንመስል።

ቡሌ ሆራ ደግሞ በዚያ ወቅት ያለ ዝናብ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። መኪናው መጠገን ነበረበት።

መካኒኩ የጭነት መኪና መካኒክ ነው። ጣሪያው የሚከፈት ነገር አይቶ የሚያውቀው የሸራ ብቻ ነው። ሱቄ በር ላይ አቁመን መስታወቱን ከፈተ፣ ጣቱን ዙሪያውን ሰደደ፣ ቀይ አፈር አወጣ። ደግሞ ሰደደ፣ ደግሞ አወጣ። "እዚህ ውስጥ ሽንኩርት ይበቅላል" አለ። አፈሩ ሲያልቅ ቦዩ ታየ፤ በአራቱ ማዕዘን ደግሞ እርሳስ የሚያስገቡ አራት ቀዳዳዎች፣ ሁሉም በደረቀ ጭቃ የተጠረቀሙ። በካቻቢቴ ጫረላቸው፣ በአፉ እፍ አለባቸው፣ ተከፈቱ። እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ የምጽፈው አይኖረኝም ነበር።

የዱብሉቁ ሽማግሌ ለጉዞው ለመመካከር መጥተው በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሥተው በዱላቸው ተደግፈው መጡና ቦዩን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"ይህ ገንዳ ነው" አሉ።

መካኒኩ አዎ አባባ፣ ውሃ ይጠራቀምበታል አለ።

"ገንዳው ተቀዷል።"

ሁላችንም አየን። እውነትም አራት ቦታ ተቀዷል። ኤላ ላይ ከብቱ ከመውረዱ በፊት የጭቃው ገንዳ በየቀኑ ይመረመራል። ውሃው ከጉድጓዱ ሥር በሰው እጅ፣ ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ ነው የሚወጣው፤ ገንዳው ላይ የተገኘ ስንጥቅ ሳይለሰን የቀረ እንደሆነ ተረኛው የሚደርስበትን ያውቀዋል። እኔም እዚህ አገር ነው ያደግሁት። ውሃ የሚይዝ ዕቃ ቀዳዳ ሲኖረው ይደፈናል፤ ከዚህ ሌላ ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባም። መካኒኩ ብቻ ትንሽ አመነታና "አባባ፣ ፋብሪካው ራሱ የበሳው ይመስላል" አለ።

"ፋብሪካው ከብት አለው?" አሉ ሽማግሌው።

መካኒኩ ሲልከን የሚባለውን ማጣበቂያ አምጥቶ አራቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ ጥርቅም አድርጎ ደፈነ፤ ሽማግሌው የሦስተኛው አልበቃም ብለው አስደገሙት። ከዚያ ሙከራ ተባለ። ባለቤቴ ንጹህ ውሃ ለመኪና አናት አልሰጥም ብላ ዕቃ ያለቀለቀችበትን በጆግ አመጣች። መካኒኩ ቆጥቦ አፈሰሰ። ውስጥ ገብተን አንጋጠን ጠበቅን፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። አንድ ጆግ ገንዳውን እንደማይሞላው ማንም አላሰበም። ከአንድ ጆግ በላይ ለጣሪያ የሚሰጥ ሰው ያቤሎ ውስጥ ስለሌለ ማሰቡም ዋጋ አልነበረውም። ተጨባበጥን።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ተነሣን። ሽማግሌው ጋቢና ተቀመጡ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ የታጠበ ቡልኮ ለብሰው። ፖሊሱና ነጋዴው ከኋላ። ወንድሜ በደንቡ አብሮን አይሄድም፤ ስልኩን በእጁ ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ሸኘን።

ቡሌ ሆራ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ዝናቡ ያዘን። የእኛ አገር ዓይነት ዝናብ አይደለም፤ የሚቸኩልበት ጉዳይ የሌለው፣ እዚያው የተወለደ ዝናብ ነው። ዓይኔን ወደ ጣሪያው ሰደድኩ። ደረቅ ነው። ጥቂት ነዳሁና ደግሞ አየሁ። ደረቅ። ፖሊሱ መኪናህ ድናለች አለኝ። መካኒኩን በልቤ መረቅሁት።

አንዲት ላም ከነጥጃዋ አስፋልቱ መሃል ቆማ ነበር። ፍሬን ያዝኩ። ከላይ የተጠራቀመው በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ በመስታወቱ ጠርዝ ተሻግሮ በሽማግሌው ጥምጥም ላይ ወረደ።

ላሟ አለፈች። ነዳሁ። ዳገት ስንይዝ ደግሞ ገንዳው ወደ ኋላ ተዘቀዘቀና የፖሊሱንና የነጋዴውን ትከሻ አገኘ። ቁልቁለት ላይ ተመልሶ ወደ ፊት መጣ። ፖሊሱ ፊቱን በእጁ እየጠረገ "ተራ በተራ ነው እንዴ?" አለ።

"ተራ ጥሩ ነው" አሉ ሽማግሌው።

ነጋዴው ኪሱ ውስጥ የነበረ ፌስታል አውጥቶ በአክብሮት ወደ ፊት አቀበላቸው፣ ራሳቸው ላይ እንዲያደርጉት። ተቀበሉት፣ አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እኔ የሆነ ቦታ ቆመን ልብስ እናድርቅ አልኩ። ቀጠሮ ነው አሉ። የሽማግሌ ቀጠሮ ያረፈደ ቤተሰብ አስቀድሞ መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ያን ጊዜ የማስበው የወንድሜን ፊት ነበር። አንድ ሰው በውሃ ምክንያት ሚስት ተከልክሎ፣ በውሃ ምክንያት ደግሞ ሊከለከል ነው።

የቡና ነጋዴው ቤት ቆርቆሮው ሰፊ ነው። ስንገባ የዝናቡ ድምፅ እንኳን ንግግር ሳል አያሰማም። በእጅ ምልክት ሰላም ተባባልን፣ በእጅ ምልክት ተቀመጡ ተባልን፣ ከሽማግሌዎቻችን ፊት ለፊት ሦስት የቡና ነጋዴው ዘመዶች ተደርድረዋል። ዝናቡ እስኪቀንስ መጠበቅ ነበረብን። ስንጠብቅ ከሽማግሌው ቡልኮ ሥር የሲሚንቶው ወለል ላይ ውሃ መታየት ጀመረ። ቀስ እያለ ሰፋ። የቤቱ ሰዎች ሁሉ እሱን ያያሉ። ከሽማግሌው እግር ተነሥቶ ወደ ቡና ነጋዴው ጫማ አመራ፤ ሰውየው እግራቸውን ትንሽ ሰበሰቡ። ውሃ ብርቃቸው ያልሆነ ሰው ናቸው፣ ያም ሆኖ እግራቸውን ሰበሰቡ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ቡና ነጋዴው መንገዱን በእግር መጥታችሁ ነው እንዴ ብለው ጠየቁ። በመኪና ነው አልኩ። ያኔ የዱብሉቁ ሽማግሌ እንደ ደንቡ ተነሥተው ቆሙ። ጥምጥማቸው በአንድ ጎን ተንጠልጥሏል።

"ባለፈው የመጡትን ሰዎች፣ አገራችሁ ውሃ የለም ብለህ መልሰሃል አሉ" አሉ። "ይኸው፣ ይዘን መጣን።"

የቡና ነጋዴው ዘመዶች ጎንበስ አሉ፤ ሳቅ እንደያዛቸው ከትከሻቸው ያስታውቃል። ቡና ነጋዴው ግን አልሳቁም። ወለሉን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ፣ ከዚያ ይህ ውሃ ከየት ነው የመጣው ብለው እኔን ጠየቁኝ። ከመኪናው ጣሪያ አልኩ። ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ። ተከትለናቸው ወጣን፤ የጋብቻ ጥያቄው ባለበት ቀረ።

መኪናዬን በዝግታ ዞሩት። መስታወቱን አስከፈቱኝ። ቦዩ እስከ አፉ ሞልቷል። ጣታቸውን ከተው ማዕዘኑ ላይ ያለውን ሲልከን ነካ ነካ አደረጉና ማን ነው ይህን የደፈነው አሉ።

መካኒኩ ያቤሎ ነው ያለው፤ እሱን ጥፋተኛ ማድረግ ቀላል ነበር። አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀደሙኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ለምን ደፈኑት፣ አባቴ?"

"ገንዳ ስለሆነ።"

"ገንዳ አይደለም፤ አሸንዳ ነው።" ቡና ነጋዴው ወደ ቤታቸው ጣሪያ አመለከቱ። አሸንዳው ከቆርቆሮው የወረደውን ውሃ እየሰበሰበ በቱቦ ወደ በርሜል ይጥላል፤ በርሜሉም ሞልቶ ወደ ደጅ ይፈሳል፤ የሚያቆመው ሰው የለም። "ውሃው በቦዩ ገብቶ በቀዳዳው ይወጣል። ካልወጣ የት ይሄዳል?"

"ከብት ይጠጣዋል" አሉ ሽማግሌው።

"መኪናው ከብት አይደለም።"

"እሱን አይቻለሁ።"

እንዲህ እያሉ ቆሙ፣ አንዱ በጃንጥላ ሥር፣ አንዱ ያለ ጃንጥላ። ውሃ የሚበዛበትና ውሃ የሚያንስበት አገር በአንድ የመኪና ጣሪያ ላይ እንደማይስማሙ ገባኝ። ቡና ነጋዴው የጆንያ መርፌ አስመጡና ሲልከኑን እየወጉ ጎትተው አወጡት፤ ከሥሩ የቀረውን አፈር ሊያጸዱ የሳይክል ፍሬን ገመድ ፈልገው ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ሰደዱ። ጎማ ቤት ወስደህ በአየር እንዳታስነፋው፣ ከውስጥ ያለውን ቱቦ ይነቅለዋል ብለው አስጠነቀቁኝ፤ ጣሪያው የሚከፈተውን የአማቻቸውን መኪና እንደዚያ አድርገውት ነበር። ድንገት አንድ ነገር ጉሮሮውን የጠረገ መሰለና ከፊት ጎማው ኋላ ቀይ ውሃ መሬት ላይ ዘለለ። ሌሎቹም ሦስቱ ተከተሉ።

ከዚያ ለመሞከር አንድ ሙሉ ባልዲ ንጹህ ውሃ ከበርሜሉ ቀድተው ጣሪያው ላይ ሊገለብጡ አነሡ።

እጄ ሳላዝዘው ተነሣና ባልዲውን ያዘ።

ቡና ነጋዴው እጄን አዩት። እኔም አየሁት። ቶሎ ለቀቅሁ፤ ግን አልጠቀመም። ባልዲውን መሬት አስቀመጡ።

"አየህ?" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኔ የፈራሁት ይህን ነው። ልጄ በአንድ ባልዲ ውሃ እጇ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንድትሆንብኝ አልፈልግም።"

ንግድ ቢሆን እከራከር ነበር። ይህ ግን ንግድ አልነበረም። ሰውየው ትክክል ናቸው፤ ያቤሎ በርሜል ሞልቶ የሚፈሰው በሕልም ነው። ፖሊሱ መሬት መሬት ያያል። የወንድሜ ነገር እዚያው ጭቃው ላይ ያለቀ መሰለኝ።

የዱብሉቁ ሽማግሌ ዱላቸውን ጭቃው ውስጥ ተክለው ሁለት እጃቸውን አናቱ ላይ ጫኑ።

"አልዋሽህም" አሉ። "ውሃ የሚያንስበት ወር አለ። የማይገኝበትም አለ። ልጅህ እጇ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ያካፈልኩት ውሃ ነው፤ በእኔ ተራ ደካማ መጨረሻ አይጠጣም፣ ከሰው አገር የመጣችም መጨረሻ አትጠጣም። ይህች ልጅ ብትመጣ የእኔ ልጅ ናት። ተራዋን የሚነካ ሰው ከእኔ ጋር ነው ጉዳዩ። ከዚህ በላይ ያለኝ ነገር የለም። ከፈለግህ ስጠን፣ ካልፈለግህ እንሄዳለን፤ ያም ሆነ ይህ ለመኪናው አመሰግናለሁ።"

ቡና ነጋዴው ጃንጥላውን ከራሳቸው ላይ አንሥተው በሽማግሌው ላይ አደረጉትና ሽማግሌው እጀታውን እስኪይዙት ጠበቁ። እሳቸው ዝናቡ እየመታቸው ወደ ቤት ገቡ።

በጓዳው በኩል ብዙ ድምፅ ሰማን። የእናቲቱ ድምፅ ከፍ አለ፣ ወረደ። የልጅቷ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰማ፣ አጭር። እሷ ምን እንዳለች እስከ ዛሬ ስጠይቃት ትስቃለች እንጂ አትነግረኝም።

ተመልሰው ሲወጡ ቡና ነጋዴው በር ላይ ቆሙ።

"ከልጆቹ ጎጆ በፊት ሮቶ ይቁም" አሉ። ሮቶ የምንለው ያ ትልቁ የፕላስቲክ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። "ሮቶው ቆሞ፣ ሞልቶ፣ እኔ መጥቼ አይቼው። ከዚያ ቀን እንቆርጣለን።" ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረው "ቃሉን ግን የምቀበለው ከሮቶው አይደለም፤ ከአንቱ ነው" አሉ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጃንጥላውን አጥፈው መለሱላቸው።

ከከተማው ስንወጣ ስልኬ ደጋግሞ ጮኸ። ወንድሜ ነው። ይህ ወሬ የእኔ ስላልሆነ መንገድ ዳር አቁሜ ስልኩን ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት።

"አካም?" አሉ፣ በኦሮምኛ ሰላም ሲጠይቁ። "ናጋ?"

ደህና ነኝ አባባ አለ ወንድሜ።

"ቤቱ ናጋ?"

ናጋ ነው።

"ከብቱስ?"

ወንድሜ ከብት የለውም። ናጋ ነው አለ፤ ድምፁ እየቀጠነ ነው።

"ጎረቤቱ? ሣሩ? ዝናቡስ ወረደ?"

ፖሊሱ ከኋላ በዝግታ "ገደሉት እኮ" አለ። እኔ መሪውን ይዤ ወደ ፊት አየሁ። ሰላምታ ሳይጨርሱ ወሬ የሚያወጡ ሰው አይደሉም፤ ማንም ሊያቋርጣቸው አይችልም። ወንድሜ ለእያንዳንዱ ናጋ፣ ናጋ እያለ ተከተላቸው፣ ልክ እንደሚገባው፣ አንዱንም ሳይዘል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ሽማግሌው ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

"ኢልማ ኮ" አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "ሰጥተውናል። ሮቶ ግዛ።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ወደ ስልኩ እጄን ዘረጋሁ።

"ስንት ሊትር የሚይዝ?" አለ ወንድሜ፤ እያለቀሰ ነበር።